ለዴሊቨሪ ልጅ ጉርሻ ስንት ነው? ከድሬዳዋ አንድ ሞተረኛ

ባለፈው ሳምንት ሳቢያን ኮንዶሚኒየም አንዲት ደንበኛ ምግቧን ከተቀበለችኝ በኋላ በሩን አልዘጋችም። "እስቲ እውነቱን ንገረኝ" አለችኝ። "ስንት ነው የሚሰጣችሁ? በሰጠሁህ ቁጥር እሳቀቃለሁ። አንሶብህ ይሁን በዝቶ አላውቅም።" እኔም "እንደ ፍላጎትሽ" ብዬ ወረድኩ። ሞተሬን አስነስቼ ዋናው መንገድ ላይ ስወጣ ነው በራሴ የተናደድኩት። 3 ዓመት ምግብ ሳመላልስ አንድ ሰው እንዲጠይቀኝ ስመኝ የኖርኩትን ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ። ተጠየቅኩ፣ አፈርኩ። በአፌ ያልወጣውን እንግዲህ በጽሑፍ ልሞክረው።

የገንደ ቆሬ ልጅ ነኝ። ድሮ የሰው ባጃጅ ነበር የምነዳው። ማታ ማታ ለባለቤቱ ገቢውን አስገብቼ የተረፈችው የኔ ነበረች። አሁን የሰው ሞተር ነው የምነዳው። ስሌቱ ያው ነው፣ ጎማው ብቻ አንድ ቀነሰ። ከዚራ ካሉ ሁለት ምግብ ቤቶችና መጋላ ካለ አንድ ፈጢራ ቤት እየተቀበልኩ አደርሳለሁ። ደሞዝ የሚባል የለም፣ ባደረስኩት ልክ ነው የሚታሰብልኝ። አገራችን ውስጥ ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደሞዝ የለም። በኛ ሥራ ደግሞ ውል የፈረመ ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ጉርሻ ቲማቲም ሻጯ መዝና ስትጨርስ ጣል እንደምታደርጋት ምርቃት አትምሰላችሁ። ብዙ ቀን ምሳዬ እሷ ናት።

ሰው የሚሳሳተው የማድረሻው ላይ ነው። "100 ብር ከፍያለሁ እኮ!" ይሉኛል። ልክ ናችሁ፣ ከፍላችኋል። ግን ከዛ 100 ብር ውስጥ አንደኛው ምግብ ቤት 40ውን ይይዛል። እኔ ጋ የምትደርሰው 60 ናት። ከሷ ላይ ቤንዚን አለ፣ የሞተሩ ባለቤት አለ፣ ጎማ ማስጠገኛ አለ። ማደያ ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ ሞልተው ከሚሸጡት ልጆች እገዛለሁ፤ ዋጋውን አታንሱብኝ። ደረሰኙ ላይ ያለችው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የመንግሥት ናት። "ሰርቪስ ቻርጅ" የምትል መስመር ካለችም የቤቱ ናት፣ ሞተር ላይ አትወጣም።

እሺ፣ ስንት? እኔ የምለው ይሄን ነው። ቅርብ ከሆነ፣ ለምሳሌ እዛው ከዚራ ውስጥ ወይም ድልድዩን ተሻግሮ መጋላ፣ 20 ብር ደስ ይለኛል። ሳቢያን ድረስ ካስመጣችሁኝ 30። ፎቅ ካለበት ወይ ጠራራ ፀሐይ ከሆነ ወይ ሦስት ካርቶን ውሃ ካሸከማችሁኝ 50 በሉት። በመቶኛ አታስቡት። ሆቴል ቁጭ ብላችሁ ስትበሉ 10 በመቶ ምናምን ማለት ሊሠራ ይችላል። ለኔ ሞተር ግን የ2 ሺህ ብር የፍየል ጥብስና የ200 ብር ፈጢራ አንድ ናቸው። ልዩነቱ ርቀቱና ደረጃው ላይ ነው፣ ሰዓቱ ላይም ነው።

10 ብር ስድብ ነው ወይ ለሚል፣ አይደለም። ተማሪ ሆኖ 10 ብር ሰጥቶ "ይቅርታ ወንድሜ፣ ያለችኝ ይቺ ናት" የሚል አለ። እሱን ከልቤ ነው የማመሰግነው። የሚያናድደው 10 ብሯን ይዞ "ቆጥረህ ተቀበል" እያለ የሚቀልደው ነው።

አሁን ዋናው ነገሬ ላይ ልምጣ። ከብሩ በፊት ሰዓቴን ስጡኝ። የምሳ ሰዓት በድሬ አጭር ናት፣ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ናት። ከዛ በኋላ ከተማው ይተኛል፣ ሱቁም እስከ 10 ሰዓት ድረስ ዝግ ነው። በነዚህ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ከቀናኝ ሰባት ቦታ አደርሳለሁ። አንድ ሰው በር ላይ 15 ደቂቃ ካቆመኝ ስድስት ይሆናል። 20 ብር ሰጥቶኝ 60 ብር አሳጣኝ ማለት ነው። ስለዚህ ካዘዛችሁ ስልኩን አጠገባችሁ አድርጉት። የማታውቁት ቁጥር ሲደውል አንሱ፣ እኔ ነኝ።

አድራሻ ላይ ደግሞ የድሬ ሰው፣ ወላሂ፣ ይቅር ይበለን። "ከመስጊዱ አለፍ ብለህ ሱቁ ጋ ስትደርስ ደውል።" የቱ መስጊድ? መጋላ ውስጥ ስንት መስጊድ፣ ስንት ሱቅ አለ? አንድ ጊዜ "ዛፉ ጋ ነኝ" ተብያለሁ፣ ያውም ከዚራ! ከዚራ መንገዱ ግራና ቀኝ ዛፍ ብቻ ነው። ጥሩ አድራሻ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አንድ የለገሃሬ ደንበኛዬ እንዲህ ብለው ነው የሚጽፉልኝ፦ "ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ግባ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ወደ ቀኝ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር፣ በሩ ላይ ኒም ዛፍ፣ ውሻ የለም።" እቺ "ውሻ የለም" የምትለዋ ብቻዋን 20 ብር ታወጣለች። ቴሌግራም ላይ ሎኬሽን መላክ ከቻላችሁማ ተገላገልን። ስትልኩ ግን ቤት ሆናችሁ ላኩ። ቢሮ ሆነው ሎኬሽን ልከው ምግቡን ቤት የሚጠብቁ አሉ።

ፎቅ ላይ የምትኖሩ፣ ውረዱልኝ አልልም። የታመመ አለ፣ ሕፃን የያዘች አለች። ግን ደህና ከሆናችሁና 4ኛ ፎቅ ከሆናችሁ ግማሽ መንገድ ብንገናኝ እሱ ራሱ ጉርሻ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሊፍት የለውም። እኔ ስወጣ ሞተሯ ታች ብቻዋን ናት፣ ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ የሌላ ሰው ምግብ አለ።

ሙቀቱን ለድሬ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ግንቦትና ሰኔ 35 ዲግሪ ሲሆን የሞተሩ መቀመጫ ራሱ ምጣድ ነው። ያኔ ፍሪጅ ያለው ሰው አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ቢሰጠኝ ከ20 ብር እኩል አድርጌ እይዘዋለሁ። ሁለቱ አብረው ቢመጡ አልከፋም።

ክረምት ሲሆን ሌላ ታሪክ ነው። ከዚራንና መጋላን የሚለየውን የደቻቱን ወንዝ የምታውቁት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ያቋርጠዋል። ግን ድሬ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ከዘነበ ውሃው ድንገት ይመጣል። በ1998 ክረምት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው እንዲሁ ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩ። የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመና ወደ ደንገጎ ተራራ በኩል ከጠቆረ እኔ በአሸዋው አላቋርጥም፣ በድልድዩ ዞሬ ነው የምመጣው። ዘገየህ ብላችሁ ጉርሻውን ብትቀንሱም በድልድዩ ነው።

ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ሆነው ጫት የሚቅሙ ደንበኞች አሉኝ። ለስላሳ፣ ውሃ፣ ኦቾሎኒ ያዛሉ። ቸር ናቸው። ምርቃናው ከፍ ሲል 100 ብር የሚሰጥ አለ፣ "ሞተር እገዛልሃለሁ" ያለኝም አለ። እስካሁን ሁለት ሞተርና አንድ ሚኒባስ ቃል ተገብቶልኛል። ምክሬ፦ የምትሰጡትን እዛው ስጡ። "ነገ እልክልሃለሁ" አትበሉ፣ ነገ ስደውል እናንተም እኔም እናፍራለን።

በረመዳን ግን ሁሉም ነገር ይለያል። ከተማው በሙሉ ሾርባና ሳምቡሳውን የሚፈልገው በአንድ ደቂቃ ነው፣ አዛን ሳይል። ባለፈው ዓመት መጋላ ውስጥ ወደ አንዲት እናት ቤት ነበር የሄድኩት፣ ጠባብ መንገድ፣ ሞተር የማያስገባ። በእግሬ ገባሁ። በሩን ሳንኳኳ አዛኑ ጀመረ። እናትየው ከፈቱልኝ፣ ፌስታሉን ተቀብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። ብር ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ሰሃን ይዘው መጡ። ሦስት ተምርና አንድ ብርጭቆ ውሃ። "ቁጭ በል ልጄ፣ አፍጥር።" እኔ ክርስቲያን ነኝ። ዝም ብዬ ልበላ አልኩና ደበረኝ። "እናቴ፣ እኔ ጾመኛ አይደለሁም፣ ክርስቲያን ነኝ" አልኳቸው። ሳቁ። "ተምሩ መች ጠየቀህ?" አሉኝ። ቁጭ ብዬ በላሁ። ለምግቡ የሚከፍሉትን ብርም፣ ለኔ የሚሰጡትንም ያወጡት ከዛ በኋላ ነው። በረመዳን ካዘዛችሁ ከአዛን አንድ ሰዓት ቀድማችሁ እዘዙ። አብዛኛው ጓደኛዬ ጾመኛ ነው፣ እሱም አፉን የሚያረጥብበት ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ ተምር በሩ ጋ አስቀምጡለት።

ወደ ብሩ ልመለስ። የዝርዝር ነገር አለ። 380 ብር ሆኖ አራት መቶ ብር ይዛችሁ "መልሱ ይቅር" ካላችሁ ተባረኩ። ነገር ግን ባለ 200 ብቻ ይዛችሁ ከጠበቃችሁኝ ቀድማችሁ ንገሩኝ፣ መልስ ይዤ እመጣለሁ። ዝርዝር የለኝም ስል "ሆን ብለህ ነው" የሚለኝ ሰው አለ። በሁለት መቶ ብር ላይ 20 ብር ለማግኘት ቴአትር አልሠራም፣ አቦ!

በቴሌብር የምትከፍሉ ደግሞ ጉርሻውን ከምግቡ ሂሳብ ጋር ደምራችሁ ለምግብ ቤቱ አትላኩ። እዛው ይሰምጣል። አንድ ቤት "ለልጁ 50" ተብሎ የተላከ ብር እስከ ዛሬ አልደረሰኝም። በኔ ቁጥር ለብቻ ላኩት፣ ከመላካችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ስም የኔ መሆኑን ጠይቁኝ። ሌላው፣ "ልኬያለሁ" ብላችሁ ስክሪንሾት አታሳዩኝ፣ መልእክቱ ስልኬ ላይ እስኪገባ አብረን እንጠብቅ። አለማመን አይደለም። አንድ ልጅ ኮሌታው የተተኮሰ፣ ጨዋ የሚመስል፣ ያሳየኝ ስክሪንሾት የሌላ ቀን ኖሮ 640 ብር ከኪሴ ከፍያለሁ። የሁለት ቀን ሥራዬ ነው።

የማይሰጥበት ጊዜስ አለ? አለ። ምግቡ ጨው ከበዛበት የኩሽናው ነው፣ እኔን አትቅጡኝ፣ ለቤቱ ደውሉ። መረቁ ፌስታሉ ውስጥ ከፈሰሰ ግን የኔ ነው። አንድ ቀን ሳቢያን መግቢያ ላይ ያለውን ጉብታ ሳላየው ዘልዬ የአንድ ሰውዬ ሾርባ ግማሹ ሳጥኑ ውስጥ ቀረ። አይቶ ምንም ሳይል 30 ብር ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩትም። እሱም አልታገለኝም፣ በሩን ዘጋ። ልክ ነበር።

በቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሰሞን፣ ታኅሣሥና ሐምሌ 19 አካባቢ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች ሆቴል ሆነው ያዛሉ። እነሱ 100 ብር ሲሰጡ የድሬ ሰው "አበላሹብን" ይላል። አትስሟቸው፣ እንግዳም ይስጥ። የአገሩን ሰው ሂሳብ ከነሱ ጋር አናወዳድረውም።

የመጨረሻዋ፦ የሚሰጥ ነገር ከሌላችሁ በር ላይ ንገሩን። "ዛሬ የለኝም ወንድሜ፣ ሌላ ቀን" በቂ ነው፣ አይከፋንም፣ ሁላችንም ወር መጨረሻን እናውቀዋለን። ገብታችሁ ግን መሳቢያ ስትበረብሩ፣ የልጆቹን ቦርሳ ስትፈትሹ፣ ከጎረቤት 10 ብር ስትበደሩ አታቁሙኝ። ታች ሞተሬ ላይ ሃይላንድ የያዘ ልጅ ጎንበስ ብሎ ቤንዚን እየቀዳ ሊሆን ይችላል።