በላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ላይ ትንሽ ኤስኤስዲ ሲጨመር የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚጠቀም ሰው፣ የነበረውን ሃርድ ዲስክ ሳያወጣ 120 ወይም 128 ጊጋባይት የሚይዝ ትንሽ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው፣ በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ፈጣን ዲስክ) መጨመር በጣም የሚያዋጣ ማሻሻያ ነው፤ ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ በኤስኤስዲው ላይ ይጫናሉ፣ ፎቶው፣ ፊልሙና ሰነዱ በሃርድ ዲስኩ ላይ ይቀመጣል። ከገጠማው በኋላ የሚነሱት ችግሮች ግን በአመዛኙ የዕቃ ብልሽት ሳይሆኑ፣ የማስነሻ ፋይሎቹ በየትኛው ዲስክ ላይ እንዳሉ ካለማጣራት የሚመጡ ናቸው።

ኤስኤስዲው በባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት በሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ጭራሽ አይታይም

በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት የስሎቱ ዓይነት ነው። የኤም.2 ስሎት (የካርድ ቅርጽ ያለው ኤስኤስዲ የሚሰካበት ቦታ) መልኩ ቢመሳሰልም አንዳንዱ ሳታ (የቆየውን የግንኙነት ዓይነት) ብቻ፣ አንዳንዱ ኤንቪኤምኢ (አዲሱንና ፈጣኑን) ብቻ፣ አንዳንዱም ሁለቱንም ይቀበላል፤ ሳታ ብቻ በሚቀበል ስሎት ውስጥ የገባ ኤንቪኤምኢ በየትኛውም ድራይቨር ስለማይስተካከል መለወጥ አለበት። በካርዱ ጠርዝ ላይ ያለው ክፍተት አንድ ወይም ሁለት መሆኑ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሁለት ክፍተት ያላቸው ኤንቪኤምኢዎችም ስላሉ፣ በላዩ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቦ ከላፕቶፑ መመሪያ ጋር ማመሳከር ይሻላል። 2242 ወይም 2280 የሚለው ቁጥር ስፋቱ 22፣ ርዝመቱ ደግሞ 42 ወይም 80 ሚሊሜትር መሆኑን ያመለክታል። ካርዱ በሰያፍ ገብቶ ወደ ታች ከተጫኑት በኋላ በብሎን ይታሰራል፤ ታስሮም ወርቃማው ጥርሱ ከስሎቱ አፍ በሰፊው ወጥቶ የሚታይ ከሆነ በደንብ አልገባም ማለት ነው። እንደ ቲንክፓድ ቲ430 ያሉ የቆዩ ላፕቶፖች የሚቀበሉት ኤምሳታ (ከኤም.2 በፊት የነበረ የካርድ ዓይነት) ነው፤ የዚህ ሞዴል የኤምሳታ ስሎት በሳታ 2 ስለሚሠራ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ3 ጊጋቢት አያልፍም፣ ይህም እንደ ብልሽት አይቆጠርም።

በባዮስ ይታያል፣ በዊንዶውስ ግን የለም

አዲስ ዲስክ ገና አልተከፋፈለም። ዲስክ ማኔጅመንትን (የዊንዶውስን የዲስክ ማስተዳደሪያ) ከፍቶ ኢኒሻላይዝ ማድረግ (ዲስኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ማዘጋጀት)፣ ጂፒቲን (አዲሱን የዲስክ አከፋፈል ሥርዓት) መምረጥ፣ ከዚያም አዲስ ቮልዩም መፍጠር በቂ ነው። ዊንዶውስ ኢኒሻላይዝ ላድርግ ብሎ የጠየቀው ፋይል ያለበትን ሃርድ ዲስክ ከሆነ ግን በፍጹም እሺ አይበሉ።

ዊንዶውስ ኤስኤስዲው ላይ ተጭኗል፣ ሃርድ ዲስኩ ሲወጣ ግን ላፕቶፑ አይነሳም

ይህ ከሁሉም የሚያደናግረው ነው፤ ሃርድ ዲስኩ በቦታው እስካለ ድረስ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። መንስኤው በጭነቱ ጊዜ ሁለቱም ዲስኮች መሰካታቸው ነው፤ የዊንዶውስ መጫኛ በሃርድ ዲስኩ ላይ ከቀድሞው ጭነት የቀረ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን (የማስነሻ ፋይሎች የሚቀመጡበት ትንሽ የዲስክ ክፍል) ካገኘ፣ ዊንዶውስን በኤስኤስዲው ላይ ቢጭንም የማስነሻ ፋይሎቹን እዚያው አሮጌው ላይ ሊጽፋቸው ይችላል። በዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ሲ ድራይቭ በኤስኤስዲው ላይ ሆኖ፣ ኢኤፍአይ የሚል ትንሽ ፓርቲሽን ያለው በሃርድ ዲስኩ ላይ ብቻ ከሆነ ችግሩ ተገኘ። ልምድ ያለው ሰው ጂፒቲ በሆነው ኤስኤስዲ ላይ በፋት32 የፋይል ሥርዓት የተዘጋጀ ትንሽ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ፈጥሮ፣ ቢሲዲቡት በተባለው ትእዛዝ የማስነሻ ፋይሎቹን እንደገና መጻፍ ይችላል። ለሌላው ግን ፋይሉን በሌላ ቦታ ገልብጦ፣ ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን፣ ጊዜ ቢወስድም፣ ከስህተት የራቀ መንገድ ይመስለኛል። ላፕቶፑ በኤስኤስዲው ብቻ መነሳቱ ሳይረጋገጥ የአሮጌውን ዲስክ ፓርቲሽን ማጥፋት አይገባም።

ኤስኤስዲው ገብቶም ላፕቶፑ እንደ ድሮው ቀርፋፋ ነው

ዊንዶውስ በክሎን (የዲስኩ ይዘት እንዳለ ተቀድቶ) ከተገለበጠ በሁለቱም ዲስኮች ላይ ስለሚኖር፣ ባዮስ አሁንም አሮጌውን እያስነሳ ሊሆን ይችላል። ታስክ ማናጀር ውስጥ ሲ ድራይቭ በየትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ ይታይና፣ በባዮስ የቡት (የማስነሻ) ቅደም ተከተል ኤስኤስዲው ይቅደም። ከክሎን በኋላ አንዱ ዲስክ ኦፍላይን ቢል ሁለቱም አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ስለያዙ ነው፤ በዲስክ ማኔጅመንት ኦንላይን ሲደረግ ዊንዶውስ አዲስ መለያ ይሰጠዋል።

ኤስኤስዲው ቶሎ ይሞላል

ዶክመንትስ፣ ዳውንሎድስና ፒክቸርስ ፎልደሮችን ቀኝ ክሊክ አድርጎ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሎኬሽን በሚለው በኩል ወደ ሃርድ ዲስኩ ማዛወር ነው። የተጫኑ ፕሮግራሞችን ፎልደር ግን ቆርጦ መለጠፍ ፕሮግራሞቹን ያበላሻል። ቦታ ለማግኘት ሃይበርኔሽንን (የተከፈተውን ሥራ በዲስክ ላይ አስቀምጦ ላፕቶፑን የሚያጠፋውን) ማጥፋት ብዙ ጊዜ ይመከራል፤ መብራት በሚጠፋበትና የላፕቶፑ ባትሪ በደከመበት ሁኔታ ግን ያልተቀመጠ ሥራን የሚያተርፈው እሱ ስለሆነ እኔ አላጠፋውም።

በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለ ፎልደር ሲከፈት ላፕቶፑ ለጥቂት ሴኮንዶች ይቆማል

ሃርድ ዲስኩ ኃይል ለመቆጠብ መሽከርከሩን አቁሞ እንደገና እየተነሳ ነው። በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ሃርድ ዲስክ የሚጠፋበትን ጊዜ፣ ቻርጀር በተሰካበት ወቅት፣ በጭራሽ ወደሚለው መለወጥ ይበቃል። ከመዘግየቱ ጋር የሚደጋገም የቀጭታ ድምፅ ካለ ግን ጉዳዩ የሴቲንግ አይደለም፤ ሌላ ምንም ሳይነካ በዲስኩ ላይ ያለው ፋይል በቅድሚያ ይገልበጥ።