መንጋጋ ሲዝል፣ የዓይን ቆብ ሲወርድ
ምልክት፦ ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ከሰዓት የዓይኑ ቆብ ይወርዳል፤ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል። ድሬዳዋ መጋላ ሰፈር፣ በርጫ ላይ አብሮን የሚቀመጥ አንድ ሰው ግማሽ ዙርባ ጫት ሳይጨርስ መንጋጋው ይዝልና አገጩን በመዳፉ ደግፎ ያላምጥ ነበር። «አቦ፣ የድሬ ሙቀት ነው!» አልነው። ሙቀት ያባብሳል እንጂ መነሻው ሌላ ነው።

ሙከራ፦ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ የተጨፈነው ዓይን ላይ 2 ደቂቃ ማቆየት። ቆቡ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ካለ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው ጡንቻን የሚያዝል ሕመም ይጠረጠራል፤ የሚያረጋግጠው ሐኪም ነው። ድክመቱ በድንገት በአንድ ጎን ከመጣ ግን በረዶ ፍለጋ የለም፣ በቀጥታ ሆስፒታል።

ምክንያት፦ ነርቭ ጡንቻን የሚያዝዘው አሴቲልኮሊን በሚባል ኬሚካል ነው። ጡንቻው ላይ ያለው ተቀባይ ራሱ በር ነው፦ አምስት የፕሮቲን ቁራጮች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ መሃላቸው ቀዳዳ ነው። ሁለት አሴቲልኮሊን ሲሰኩበት ቀዳዳው ለቅጽበት ይከፈታል፤ ሶዲየም ይገባል፤ ጡንቻው ይኮማተራል። በዚህ ሕመም የሰውየው የራሱ አንቲቦዲ (ሰውነት ጀርም ሊዋጋበት የሚሠራው ፕሮቲን) በሮቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያስራቸዋል፤ ሕዋሱም ውጦ ያፈርሳቸዋል። በ1973 እ.ኤ.አ. ከኤሌክትሪክ ዓሣ የተወሰደ ተቀባይ የተወጉ ጥንቸሎችም እንዲሁ ዝለዋል።

ታዲያ ለምን ሲያላምጥ ቆይቶ? ነርቭ ደጋግሞ ሲያዝዝ በየጊዜው የሚለቀው ኬሚካል ይቀንሳል። ጤነኛ ሰው ትርፍ በር ስላለው አይታወቀውም። የኛ ሰው ትርፉ አልቋል።

መፍትሄ፦ ፓይሪዶስቲግሚን አሴቲልኮሊንን የሚሰባብረውን ኤንዛይም ስለሚገታ ኬሚካሉ በሮቹ አጠገብ ይቆያል። ለ3 ወይም 4 ሰዓት ያግዛል፤ በሩን ግን አይጠግንም። አንቲቦዲውን የሚቀንሱት እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች ናቸው።

ኪኒኑን ጨምሮ ባሰበት? ምራቅ፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥ ከድክመት ጋር ከመጡ ኬሚካሉ በዝቷል ማለት ነው። በር ሲጥለቀለቅ ተከፍቶ አይቀርም፤ ኬሚካሉ እንደተሰካበት ይደነዝዛል። በራስ ፈቃድ ሌላ ኪኒን መጨመር ክልክል ነው። መዋጥ ወይም መተንፈስ ካቃተው ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል።

ለሌላ በሽታ መድኃኒት ወስዶ ዛለ? ድሬ ወባ አታጣምና ይህ ልብ ይባል። ኩዊኒን ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይወተፋል፤ ጄንታማይሲን ነርቩ የሚለቀውን ይቀንሳል፤ ክሎሮኪንና ሲፕሮፍሎክሳሲንም ያሰጋሉ። ሐኪሙ ሌላ እንዲመርጥ አስቀድሞ መንገር ነው። የኛ ሰው የሕመሙን ስም በወረቀት ጽፎ ከመታወቂያው ጋር ይዞ ይዞራል።