በንግድ ክሬዲት ካርድ ቤት ለመግዛትና ለማደስ ሲያስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ያረጀ ቤት ገዝተው፣ አድሰው ለመሸጥ ወይም ለማከራየት ከሚነሡት መካከል ብዙዎቹ፣ ገንዘብ ሲያጥራቸው በንግድ ስም ወደሚወጣ ክሬዲት ካርድ ይዞራሉ። ካርዱ ለቀለም፣ ለጣውላና ለቧንቧ ዕቃ መግዣ ይበጃል፤ ቤቱን ራሱን መግዣ ሲሆን ግን ጣጣው ይጀምራል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ዳውን ፔይመንቱን (ቤት ሲገዙ በቅድሚያ ከኪስ የሚከፈለውን ገንዘብ) ከካርዱ በጥሬ ገንዘብ ማውጣት ነው። ለዚህ ብዙውን ጊዜ እስከ 5 በመቶ ይከፈላል፤ ወለዱም ያለ እፎይታ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። 30,000 ዶላር ቢያወጡ ዕዳዎ ወዲያውኑ በ1,500 ዶላር ያድጋል፤ የዓመቱ ወለድ 24 በመቶ ከሆነ ደግሞ በየወሩ 600 ዶላር ገደማ ይጨመርበታል። ይህን ሁሉ ከፍለውም የቤት ብድሩ ሊከለከል ይችላል፤ አበዳሪው የባንክ ሒሳብዎን ሲመረምር ድንገት የገባውን ገንዘብ ምንጭ ይጠይቃል፣ የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው ተቋም ፋኒ ሜይ በሚቀበላቸው ብድሮች ደግሞ ከካርድ የወጣ ጥሬ ገንዘብ ለዳውን ፔይመንት ተቀባይነት የለውም። ምንጩን ደብቆ በማመልከቻው ላይ ሐሰት መጻፍ የፌዴራል ወንጀል ስለሆነ፣ «ማን ያውቃል» ብሎ የሚመክርዎትን ሰው አይስሙት።

ሁለተኛው ስህተት «ካርዱ በኤልኤልሲዬ (ኃላፊነቱ በተወሰነው የግል ማኅበሬ) ስም ስለወጣ እኔን አይነካኝም» ማለት ነው። አብዛኞቹ ካርዶች የባለቤቱን የግል ዋስትና ያስፈርማሉ፤ ድርጅቱ መክፈል ካቃተው ዕዳው ወደ ፈራሚው ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ ጥበቃም በዋናነት ለግል ካርዶች እንጂ ለንግድ ካርዶች አይደለም።

አዲስ ካርድ ወለድ የማያስከፍልበትን፣ ዜሮ ወለድ የሚባለውን ጊዜ ከእድሳቱ ጊዜ ጋር አጥብቦ መገመትም ብዙዎችን ያሳስታል። ጊዜው አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ነው፤ ቆጠራው የሚጀምረውም ሥራው ሲጀመር ሳይሆን ካርዱ ሲከፈት ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ የኤሌክትሪክ መስመሩን አይቶ እስኪፈርም ድረስ ግድግዳው ተከፍቶ ይቆያል፤ ካቢኔው በካርቶን እንደታሸገ ሳሎን መሐል ይቀመጣል። ካርዱ ግን ተቆጣጣሪ አይጠብቅም። ስለዚህ ቤቱ በታሰበው ቀን ባይሸጥ ዕዳውን ከየት እንደሚከፍሉ አስቀድመው ይወስኑ።

በመጨረሻም የቤት አስቤዛን በዚሁ ካርድ አይግዙ። የእንጀራና የበርበሬው ደረሰኝ ከሲሚንቶው ጋር ሲደባለቅ፣ ለግብር የሚቀነሰውን ወጪ መለየት አድካሚ ይሆናል፤ ክስ ቢመጣም ኤልኤልሲው ከእርስዎ የተለየ ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል።