ቡችላው ቶሎ እንዳያድግ፦ ግዙፍ ዝርያ ውሻ በጎንደር ለሚያሳድጉ

ግሬት ዴን፣ ሴንት በርናርድ፣ ማስቲፍ ወይም ካንጋል የመሰለ ግዙፍ ዝርያ ቤቱ ያስገባ ሰው መጀመሪያ የሚመኘው ቡችላው በጥቂት ወራት ገዝፎ ግቢውን ሲያስከብር ማየት ነው። እኔ ግን ከልቤ የምለምነው ተቃራኒውን ነው፤ ግዙፍ ውሻ ጤነኛ የሚሆነው እድገቱ ሲዘገይ ነው። ሲወለድ አንድ ኪሎ እንኳ የማይሞላው የግሬት ዴን ቡችላ ከ50 እስከ 80 ኪሎ የሚመዝን ውሻ እስኪሆን ከ18 እስከ 24 ወር ይፈጅበታል፤ ትንንሾቹ ዝርያዎች ግን ዓመት ሳይሞላቸው እድገታቸውን ይጨርሳሉ። በእነዚህ ወራት አጥንቱና መገጣጠሚያው ገና ለጋ ስለሆኑ፣ ሰውነቱ በስብ ከተጫናቸው ዳሌውና ክርኑ ይበላሻሉ፤ ያ ጉዳት ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል።

ቡችላውን ከመውሰድዎ በፊት ቤትዎንና አቅምዎን በሐቀኝነት ይመርምሩ። 60 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ውሻ እንደ እንቅስቃሴው በቀን ከ600 እስከ 700 ግራም ደረቅ የውሻ ምግብ፣ በወር ደግሞ 20 ኪሎ ያህል ይጨርሳል፤ ሦስት ሊትርና ከዚያ በላይ ውኃም በየቀኑ ይጠጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖሩ ከሆነ ለእሱ ብቻ የሚቀመጥ ጀሪካን ያስፈልግዎታል። በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው አከራዩን አስቀድሞ ያስፈቅድ፤ ውሻው ከገዘፈ በኋላ የሚመጣ አለመግባባት የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ ውሻው ወደማያውቀው ሰው ተላልፎ ሲሰጥ ነው።

ስለ አየሩ ያለኝን አስተያየትም ልጨምር። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ለውሾች የምትስማማ ከተማ ናት፤ ይሁን እንጂ እንደ ግሬት ዴን ያለው ጠጉረ አጭር ውሻ የኅዳርንና የታኅሣሥን የሌሊት ብርድ አይችለውም፣ እንደ ሴንት በርናርድ ያለው ጠጉራም ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ የእኩለ ቀን ፀሐይ ይጨነቃል። ሁለቱንም የሚጎዳው በባዶ ቆርቆሮ የተሠራ የውሻ ቤት ነው፤ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ጣሪያው ላይ ሣር ይክደኑበት፤ ወለሉንም ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያድርጉት።

ዋናው ጉዳይ ምግቡ ነው። ለቡችላው የሚሻለው ለግዙፍ ዝርያ ቡችሎች ተብሎ የተዘጋጀው ደረቅ ምግብ ነው፤ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው የካልሲየም መጠን ከ1.8 በመቶ እንዳይበልጥ ይመልከቱ። «አጥንቱ እንዲጠነክር» በማለት የካልሲየም እንክብል ወይም የአጥንት ዱቄት መጨመር በጎ የሚመስል ትልቅ ስሕተት ነው። ጎልማሳ ውሻ የተረፈውን ካልሲየም አንጀቱ ሳይቀበለው ያስወጣዋል፤ ስድስት ወር ያልሞላው ቡችላ ግን ይህን ማድረግ ስለማይችል ትርፉ ሁሉ ወደ ሰውነቱ ይገባና የአጥንቱን አበቃቀል ያዛባል። ሥጋ ብቻ መመገብም በሌላ መንገድ ይጎዳል፤ ሥጋ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ሰውነቱ ከገዛ አጥንቱ እየሸረፈ መውሰድ ይጀምራል። ደረቅ ምግብ ማግኘት ካልቻሉ የቤት ምግቡን ቀመር በግምት አያውጡ፤ የእንስሳት ሐኪም አማክረው ያዘጋጁ። እድገቱን የጨረሰ ውሻ ግን የተቀቀለ ሥጋ ከሩዝ ወይም ከቂንጬ ጋር ተደባልቆለት፣ ጥቂት እንጀራም ታክሎበት፣ ሐኪሙ ያዘዘው ማሟያ እስካልተጓደለ ድረስ በደኅና ይኖራል።

ቡችላውን በየሁለት ሳምንቱ ይመዝኑት። ትንሽ እያለ ታቅፈውት ሚዛን ላይ ይወጡና የራስዎን ክብደት ይቀንሳሉ፤ ለማቀፍ ሲከብድ እኔ የምወስደው ሰፈራችን ወዳለው ወፍጮ ቤት ነው፤ እህል በማይበዛበት ሰዓት ከሄዱ፣ የእህሉ ሚዛን ላይ ጆንያ ተነጥፎለት ጸጥ ብሎ መቆምን በሁለት በሦስት ጊዜ ይለምዳል። ክብደቱን ማወቅ የሚጠቅመው ለምግቡ ብቻ ሳይሆን ለትልና ለመዥገር መድኃኒቱ ልክም ጭምር ነው። ከሚዛኑ ይልቅ ግን እጅዎን ይመኑ፤ መዳፍዎን ዘርግተው ጎድኑ ላይ ሲያሳልፉ አጥንቶቹን ሳይጫኑ አንድ በአንድ መቁጠር ከቻሉ ልኩ ነው፤ ለማግኘት መጫን ካስፈለገዎት ወፍሯል ማለት ነው፣ ምግቡን ይቀንሱ። ጎረቤት «ምነው ውሻው ከሳ!» ቢል አይደንግጡ፤ በማደግ ላይ ያለ ግዙፍ ውሻ ቀጠን ማለት አለበት።

ጾምና በዓል ሌላ ዝግጅት ይጠይቃሉ። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ሥጋ ቤቶች ስለሚዘጉ፣ ሥጋ የለመደ ውሻ ምግቡ በአንድ ቀን ቢቀየርበት ያስቀምጠዋል። ከቅበላ በፊት ጀምሮ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ድረስ ቀስ በቀስ ወደ ደረቅ ምግብ ያሸጋግሩት፤ አለበለዚያ ከጎርጎራ በኩል የሚመጣውን የጣና ዓሣ አጥንቱ የወጣለትን ገዝተው ቀቅለው ይስጡት።

በበዓል ቀን ደግሞ የሚያስፈራው ትርፍራፊው ነው። ወጣችን የሚቆመው በሽንኩርት ላይ ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰባብራሉ፣ መቀቀሉም ሆነ መቁላላቱ ይህን አያስቀረውም። ምልክቱ የሚታየው ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሆነ ማንም ከበዓሉ ወጥ ጋር አያያይዘውም፤ ውሻው ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱም ቡና ይመስላል። የዶሮ ወጡ አጥንትም በስሎ ስለደረቀ ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል። ዘቢብና ቸኮሌትም መርዙ ናቸው። ልጆቹን ሰብስበው ይህን ያስረዷቸው፤ እንግዳ ሲመጣም ሳያፍሩ «እባክዎ፣ ከገበታው እንዳይሰጡት» ይበሉ።

በግ ወይም በሬ ግቢ ውስጥ ሲታረድ ሳንባና ጉበቱን ጥሬውን ለውሻው መወርወር የተለመደ ነው። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። ውኃ የቋጠረ እባጭ ያለበትን ሳንባ ወይም ጉበት የበላ ውሻ አንጀቱ ውስጥ ትንንሽ የኮሶ ትል ያፈራል፤ የትሉ ዕንቁላል ከዓይነ ምድሩ ወደ ሰው አፍ ከደረሰም በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያንኑ እባጭ ይፈጥራል። እባጭ ያለበትን ይቅበሩት፤ ንጹሑንም ቢሆን በደንብ ሳይቀቅሉ አይስጡ።

አሁን ስለ አንበሴ ልናገር። አንበሴ ከአራት ዓመት በላይ አብሮን የኖረ ግሬት ዴን ነበረ። በፋሲካ ዕለት ቤቱ በእንግዳ ተጨናንቆ ስለዋለ የጠዋትና የማታ ምግቡን በአንድ ላይ አመሻሹ ላይ ሰጠሁት፤ ጥርግ አድርጎ በልቶ ከልጆቹ ጋር ግቢውን ሲዞር ቆየ። ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ሊያስመልሰው ይሞክራል፣ ከነጭ ለሃጭ በቀር ግን ምንም አይወጣውም። ይተኛል፣ ወዲያው ይነሣል፣ ዞሮ ሆዱን ያያል። በግራ በኩል ከጎድኑ ኋላ ያለው ሆዱ ተወጥሮ፣ በጣት ሲመታ እንደ ከበሮ ይሰማ ነበር። ጥጋብ መስሎኝ ሆዱን አሸሁለት፤ ሆዱ ለተነፋ በሬ እንደሚደረገውም ዘይት አጠጣሁት። ሦስት ሰዓት አባከንኩ። መኪና ፍለጋ ስወጣ ድዱ ነጥቶ ነበር፤ ከመንጋቱ በፊትም ሞተ።

በሽታው የጨጓራ መነፋትና መጠምዘዝ ነው። ደረታቸው ጠልቆ የወረደ ግዙፍ ዝርያዎች ሁሉ ያሰጋቸዋል፣ ግሬት ዴን ደግሞ ከሁሉም ይልቅ። ጨጓራው በጋዝ ተነፍቶ በራሱ ላይ ሲጠመዘዝ የደም ዝውውሩ ይቆማል፤ ያለ ቀዶ ሕክምናም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይገድላል። አደጋውን ለመቀነስ ምግቡን በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከፋፍለው ይስጡ፤ ሲበላ የሚቸኩል ከሆነ ምግቡን ሰፊ ትሪ ላይ በትነው ያቅርቡለት፤ ከመብላቱ በፊትና በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲያርፍ ያድርጉ። ጨጓራውን ከሆድ ግድግዳ ጋር በመስፋት እንዳይጠመዘዝ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምናም ስላለ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን ውሻው ጤነኛ ሳለ፣ በሌሊት ስልክ የሚያነሣና ቀዶ ሕክምና መሥራት የሚችል ሐኪም ማን እንደሆነ ያጣሩ፤ መኪና ካለው ጎረቤት ጋርም ተነጋግረው ይጠብቁ። ሰባ ኪሎ ውሻ ለብቻ አይነሣም፤ ወፍራም ብርድ ልብስ ላይ አስተኝተው ለሁለት ይሸከሙት። ሳያስመልሰው ካቅለሸለሸውና ሆዱ ከተወጠረ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በአፉም ምንም አያጠጡት።

ክትባቱን በተመለከተ ነገሩ ግልጽ ነው። ፓርቮና ዲስተምፐር የተባሉት ቡችላ ገዳይ ተላላፊ በሽታዎች ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜው ተጀምሮ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንቱ ይቀጥላል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ ይሰጥና በሐኪሙ ቀጠሮ መሠረት በየዓመቱ ይታደሳል። ክትባቱን ሳይጨርስ የመንገድ ውሾች በሚበዙበት ቦታ አይልቀቁት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ኮሌጅ ስላለው ከተማችን በዚህ ረገድ ዕድለኛ ናት፤ ምክር ለመጠየቅ አያመንቱ። ማንኛውም ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ፣ ሰውየው በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል፣ ግን በልክ። የከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ለጎልማሳ ውሻ መልካም ነው፤ ለቡችላ ግን በተለይ ቁልቁለቱ የፊት እግሩን መገጣጠሚያዎች ይደበድባል። እስከ ዓመት ተኩል ድረስ ሜዳማ መንገድ ይምረጡለት፣ ደረጃ አያስሩጡት፣ ከፒክአፕ ላይ ሲወርድም አይዝለል፤ ደግፈው ያውርዱት። ሲሚንቶ ወለል ላይ የሚተኛ ግዙፍ ውሻ ክርኑ ይላጥና ውኃ ይቋጥራል፤ የጤፍ ገለባ ተጠቅጥቆበት የተሰፋ ጆንያ ይህን ያስቀራል፣ ቁንጫ እንዳያፈራ ገለባው በየጊዜው ይለወጥ።

ጠባዩን የሚቀርጹት በትንሽነቱ ነው። እስከ 14 ሳምንት ዕድሜው ድረስ ሕፃናትን፣ አረጋውያንን፣ ጥምጥም ያሠሩ ካህናትን፣ ዱላ የያዙ ገበሬዎችን፣ የባጃጅ ድምፅንም ከሐኪሙ ጋር ተመካክረው በዝግታ ያለማምዱት፤ ክትባቱ ስላላለቀ መንገድ ላይ ሳያወርዱት ታቅፈው ያሳዩት። በገመድ ሳይጎትት መሄድን 15 ኪሎ ሳለ ካልተማረ 60 ኪሎ ሲሞላ የሚያስቆመው የለም። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ማሰርና መምታት የሚያፈራው ፈሪ ውሻ ነው፤ የዚህን ያህል ጉልበት ያለው ፈሪ ውሻ ደግሞ አደገኛ ነው። የንስሐ አባት ሲመጡ፣ ወይም ማኅበርና ዝክር ሲኖር፣ እንግዳው በር ከማንኳኳቱ በፊት ውሻው ወደ ክፍሉ ይግባ። በከተራና በጥምቀት፣ ጥር 10 እና 11፣ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የሚጎርፈው ሕዝብና የሚሰማው ጩኸት ብዙ ነውና ሲነጋ በእግር አንሸራሽረው ቤት ውስጥ ያቆዩት። አጥሩና መዝጊያው ጠንካራ መሆን አለባቸው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 እንደሚደነግገው እንስሳው በድንገት ቢያመልጥም እንኳ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው።

ግሬት ዴን በአብዛኛው የሚኖረው ከሰባት እስከ ዐሥር ዓመት ነው፤ ስድስት ዓመት የሞላው ውሻ እንግዲህ አርጅቷል። በዚህ ዕድሜው ማነከስ ከጀመረና ከሳምንት በላይ ከቆየበት ወለምታ ነው ብለው አይተዉት፤ የአጥንት ነቀርሳ በግዙፍ ዝርያዎች ላይ ስለሚበዛ ራጅ ያስፈልገዋል። ሲተኛ ሲያስለው ወይም ጥቂት ተራምዶ ሲደክም ልቡ ይመርመር። ለመነሣት ሲቸገር ፎጣ ከሆዱ ሥር አሳልፈው ከኋላ በኩል ቀስ ብለው ያንሡት፤ የገለባ ጆንያውንም የጠዋት ፀሐይ ከሚያገኝበትና የቤተሰቡን ድምፅ ከሚሰማበት በረንዳ ላይ ያድርጉለት።