ቤት ልታሳድሱ ነው? መጀመሪያ ንድፉን ብቻ ተዋዋሉ

አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ እድሳት ካሰባችሁ፣ ንድፉንም ግንባታውንም አንድ ድርጅት ሲይዘው ይቀላል። አርክቴክቱና ፎርማኑ አንዱ በሌላው ማሳበብ አይችሉም። ሁለቱንም ግን በአንድ ጊዜ አትፈርሙ።

መጀመሪያ የንድፍ ውል ብቻ ይሁን። ክፍያው ለብቻው ይቆረጥ፤ ከፍላችሁ ስትጨርሱ ስዕሉ የእናንተ እንደሚሆንም ይጻፍ። የግንባታው ዋጋ ካልተስማማችሁ ስዕሉን ይዛችሁ ሌላ ጋ ትሄዳላችሁ። ይቺን አንቀጽ የማይወዱ ድርጅቶች አሉ፤ እኔ እንደዛ ካሉኝ አልቀጥልም።

ዋጋ ሲያቀርቡላችሁ ድምሩን ሳይሆን ዝርዝሩን እዩ። «ሴራሚክ፣ በካሬ ይህን ያህል» አይበቃም። ስንት በስንት ነው? ምን ደረጃ? በሩ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ) ነው ወይስ ጣውላ? ብሩ የሚያልቀው ፊኒሺንግ (የማጠናቀቂያ ሥራ) ላይ ነው። 15 በመቶ ቫት ተካቶ እንደሆነም ጠይቁ።

የምታፈርሱት ግድግዳ ካለ ተጠንቀቁ። በኮለንና በቢም (በኮንክሪት ምሰሶና አግዳሚ) የቆመ ቤት ላይ የብሎኬት ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ክብደት አይሸከምም። የድሮ ጭቃ ቤት ግን ጣሪያው ያረፈው ግድግዳው ውስጥ ባለው እንጨት ላይ ነው። መሐንዲስ ሳያየው አይነካ። የግንባታ ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣም ውሉ ውስጥ ይግባ።

ሥራው መሃል ላይ «እግረ መንገዳችንን ይቺንም እንሥራት» መባሉ አይቀርም። ዋጋውና የሚጨምረው ቀን ተጽፎ ሳይፈረም እሺ አትበሉ። ጣሪያ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ሰኔ ሳይገባ ተመልሶ ይከደን።