ወደ አልባኒያ ተራሮች፦ መቼ መሄድ፣ ምን መያዝ
የሰሜን አልባኒያን ተራሮች በእግር ለማየት ያሰባችሁ፣ ከሁሉም የሚሻለው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ነው። የቴትን መንደር ከቫልቦና መንደር የሚያገናኘው የተራራ መተላለፊያ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ እስከ ጁን መጀመሪያ በረዶ ሊቆይበት ይችላል። በጁላይና ኦገስት ከሰዓት በኋላ መብረቅ ያለው ዝናብ ድንገት ስለሚመጣ ንጋት 12 ሰዓት ተነሱ፤ መተላለፊያውን ከቀትር በፊት እለፉ።

አዲስ ጫማ እንዳታደርጉ! ቁልቁለቱ ልቅ ጠጠር ነው፤ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር እየተጋጨ ጥፍር ይጠቁራል። መውረድ ሳትጀምሩ ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ አድርጉት። ጂንስ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም፣ ተዉት። ስስ ሹራብ፣ የዝናብ ጃኬትና 2 ሊትር ውሃ ያዙ። ጥሬ ገንዘብ (የአልባኒያን ገንዘብ፣ ሌክ) ከሽኮድራ ከተማ አውጡ፤ ተራራ ላይ በካርድ መተማመን አይቻልም።