የተቸገረ ጎረቤት የሚረዱ የሰፈር ማኅበራት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁሉንም ለበዓል ማዋል። ከስህተቶቹ ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። እንቁጣጣሽ ሲደርስ እድሩም፣ ወረዳውም፣ ድርጅቱም፣ የሰፈሩ ወጣትም በአንድ ሳምንት ውስጥ ዱቄትና ዘይት ይዘው ያንኑ በር ያንኳኳሉ። መስከረም ሲጋመስ ግን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። እስቲ እናስላው። የእርዳታ እህል ሲሰፈር የተለመደው መጠን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ እና ግማሽ ሊትር ገደማ ዘይት ነው። እህሉ ለቀን ሲካፈል ግማሽ ኪሎ ይመጣል። እንግዲህ አምስት ነፍስ ላለበት ቤት 5 ኪሎ ዱቄት የሁለት ቀን ቀለብ ነው። ሁለት ቀን ብቻ!

የአዲስ አበባ ድሃ የሚጨንቀው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ዝናቡ የግንባታውን ሥራ ሲያቀዘቅዘው የቀን ሠራተኛው ቤቱ ይውላል፤ የቤት ኪራዩ ግን አይቀርም። ተከትሎ ደብተርና ዩኒፎርም ይመጣል። ስለዚህ በዓመት ከምትሰበስቡት ሩቡን ብቻ ለበዓላት መድቡ፤ የቀረውን በየወሩ አከፋፍሉ፣ የክረምቱንም ድርሻ ከፍ አድርጉ። ለሃያ ቤት ዓመቱን ሙሉ የማይበቃ ከሆነ አሥር ቤት ያዙና አትልቀቁ።

ለሁሉም እኩል መስፈር። ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንትና ልጅ ለበዛበት ቤት አንድ ዓይነት ጥቅል ሲሰጥ ማየት ያሳዝናል። ደካማ እናት 25 ኪሎ ጤፍ ቢቀበሉ ማን ወፍጮ ቤት ያደርስላቸዋል? የማስፈጫውን ማን ይከፍላል? ማን አቡክቶ ይጋግርላቸዋል? ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በሰፈሩ እንጀራ ለምትሸጥ ሴት ከፍሎ በየቀኑ ጥቂት እንጀራ እንዲደርሳቸው ማድረግ ይሻላል። ወጥ የሚሠሩበት ሽሮ፣ በርበሬ፣ ጨውና ከሰልም አይዘንጋ።

በወረዳ ዝርዝር ብቻ መመራት። ተከራይ፣ መታወቂያ የሌለው፣ ባለፈው ወር ከሥራ የተባረረ ሰው እዚያ ላይ ላይኖር ይችላል። ባለሱቁን፣ የእድሩን ጸሐፊ፣ የልጆቹን መምህር ጠይቁ፤ ግን የሰው ዕዳና ጓዳ አትቆፍሩ፤ ማን ቤት ብትሄዱ እንደሚበጅ ብቻ ይንገሯችሁ። ከዚያ ሁለት ሆናችሁ ቤቱ ድረስ ሂዱ፤ አንዳችሁ ሴት ብትሆን ብዙ ነገር ይነገራታል።

አሰልፎ ፎቶ ማንሳት። ይህን ተዉት፤ ለለጋሹ የሚላከው ፎቶ የተደረደረው ጆንያ ይሁን። ሲበዙ የተለያየ ሰዓት ስጧቸው፣ ሲያንሱ ማታ ቤታቸው አድርሱ። ልጁ ትምህርት ቤት የሚሰደብበትን ምስል ማኅበር አያሰራጭም።

ለሙስሊም ጎረቤት የምትሰጡት ሥጋ ሙስሊም ያረደው ይሁን፤ በሁዳዴ ደግሞ ለሚጾም ቤት ቅቤና እንቁላል አትላኩ።

ለሚጠባ ሕፃን የቆርቆሮ ወተት ማደል አደገኛ ነው፤ ንጹሕ ውሃ በሌለበት ተቅማጥ ያመጣል፣ የእናትየውንም ወተት ያደርቃል። እናትየውን መግቡ።

ከቤት የተረፈ መድኃኒት አታድሉ። ለዚያ የምታወጡትን ጉልበት ለማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አውሉት። መዋጮው በየዓመቱ የሚታደስ ስለሆነ የእድሳቱ ጊዜ ሳያልፍ ክፈሉላቸው። መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራርም አለና አስቀድማችሁ ወረዳውን ጠይቁ።

ገንዘብ በአንድ ሰው ኪስ ማኖር። የባንክ ሒሳቡ በሁለት ፊርማ ይንቀሳቀስ፣ ለእያንዳንዱ ግዢ ደረሰኝ ይያዝ። ታማኙንም ሰው ከሐሜት ያድነዋል።

ቤት ጥገናን እስከ ሐምሌ ማቆየት። በዝናብ የተመረገ ጭቃ አይደርቅም፣ ይረግፋል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ጨርሱ፤ የቀበሌ ቤት ከሆነ የወረዳው ፈቃድ ጊዜ ስለሚወስድ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። የቆርቆሮ ሚስማር ከነጎማው በጉብታው ላይ ይመታ፤ ውሃ በሚወርድበት ስርጉድ ላይ ከተመታ በመጀመሪያው ዝናብ ያፈሳል። ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ጫፍ ለጫፍ ሲደራረብም ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ የላይኛው በታችኛው ላይ ተደርቦ።